ሊብሬው ላይ ያልነበረው ስሜ፦ ውጭ አገር ሆኜ አዲስ አበባ ላይ መኪና ሳስመዘግብና መድን ስገባ የደረሰብኝ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና አለኝ ማለት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ግን መኪናዋ በሕግ ፊት የእኔ አልነበረችም፤ የምትጓዝባት እናቴም፣ የሚነዳት የአጎቴ ልጅም ባለቤቶቿ አልነበሩም። ሊብሬው (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) ላይ የሰፈረው ስም በአካል አይቼው የማላውቀው፣ በኋላ አጥብቄ በፈለግሁት ጊዜም በሕይወት ያልጠበቀኝ የአንድ ሰው ስም ነበር። የሌላ ሰው ስም ያለበት ወረቀት ምን ያህል ጊዜ፣ ገንዘብና እንቅልፍ እንደሚያስከፍል በራሴ ላይ አይቻለሁና፣ ከውጭ ሆነው ለቤተሰባቸው መኪና ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች ሁሉ አስቀድመው እንዲያውቁት ብዬ ነው ታሪኩን ከመነሻው የምጽፈው።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሚኒባስ ታክሲ ላይ መውጣት ስላቃታት ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር ኮንትራት መያዝ ግድ ሆነ። እኔ የምኖረው ጀርመን አገር ነው፤ እረፍት ወስጄ ሄጄ መኪና ለመግዛት ጊዜ አልነበረኝም። ስለዚህ ገንዘቡን በባንክ ላክሁና የአጎቴ ልጅ በኅዳር ወር አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ አገኘልን። ሜካኒክ አይቷት ሞተሯን አመስግኗል፤ ዋጋውም ደህና ነበር። እኔም የጠየቅሁት ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጎማውና ስለ ዋጋው ብቻ ነው።

ስም ማዛወሩ ጉዳይ የተነሣው ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነበር። ደላላው ለአጎቴ ልጅ የሰጠው ምክር ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት ሳይሆን አይቀርም፤ ስም ማዛወር የቴምብር ቀረጥ አለው፣ ምልልስ አለው፣ ገዢው ደግሞ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ መኪናዋን መንዳት፣ ማስተዳደር፣ መሸጥና ስም ማዛወር የሚያስችል ውክልና ይስጥህና ወንድምህ ሲመጣ በራሱ ስም ያዞራታል። የአጎቴ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው» ሲለኝ ተስማማሁ። ሻጩ ጨዋ ሰው እንደነበር ሁሉም ይመሰክራል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ውክልናውን ውልና ማስረጃ (የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ፈርሞ፣ ቁልፉን ከነሊብሬው አስረክቦ ሄደ። የመጀመሪያውና ትልቁ ስሕተቴ ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ የበቀለ ነው።

ውክልና ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ወኪል የሆነ ሰው የሚሠራው በወካዩ ስም ነው፤ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም ውክልናው አብሮት ያበቃል። ከዚህም በላይ ሻጩ ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው ሊያሳግድ የሚችለው በስሙ የተመዘገበን ንብረት ነው፤ ቢፋታ መኪናዋ ከጋራ ንብረቱ ውስጥ ልትቆጠር ትችላለች። አደጋው ለገዢው ብቻ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ የሚያደርገው ባለቤቱን ነውና፣ በውክልና ብቻ ሸጦ የተገላገለ የሚመስለው ሰው ከዓመታት በኋላ ባልነዳው መኪና ሊከሰስ ይችላል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያኔ የታየኝ የተረፈው የቴምብር ገንዘብ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሰላም አለፉ፤ ሰላሙም አዘናጋኝ። የአጎቴ ልጅ በየዓመቱ መኪናዋን አስመርምሮ ቦሎ ያሳድሳል፣ መኪናዋ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የሚከፍለውን የሦስተኛ ወገን መድንም ይገዛል። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ (ያኔ በአዋጅ ቁጥር 799/2005) ግዴታ ስለሆነ ያለ እርሱ ቦሎ የለም። በሁለተኛው ዓመት እኔ ራሴ ሐሳብ አቅርቤ የመኪናዋን የራሷንም ጉዳት የሚሸፍን ሙሉ መድን እንዲገባ አደረግሁ፤ ገንዘቡን ላክሁ፣ ውሉን የአጎቴ ልጅ በራሱ ስም ፈረመ። የሊብሬውንና የውክልናውን ቅጂ አያይዞ ሰጥቷል፤ ማንም ምንም አላለውም። እኔም የመድን ወረቀቱ ፎቶ በስልኬ ሲደርሰኝ ጉዳዩ አለቀ ብዬ አንብቤው እንኳን አላውቅም። አረቦን (የመድን ክፍያ) መቀበልና ካሳ መክፈል በሁለት የተለያዩ ጠረጴዛዎች ላይ የሚሠሩ ሥራዎች መሆናቸውን፣ አንደኛው ጠረጴዛ ያላነሣውን ጥያቄ ሁለተኛው እንደሚያነሣው የተማርኩት በጥቅምት 2014 ነው።

በዚያ ወር የአጎቴ ልጅ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ሲጓዝ ከፊቱ የቆመን ሚኒባስ ለመሸሽ መሪ ሲጠመዝዝ መንገድ ዳር የነበረ አንድ እግረኛ ገጨና ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመ። የእግረኛው እግር ተሰበረ፤ የመኪናዋ ፊት ሙሉ በሙሉ ተጨፈለቀ። ልጁ ተጎጂውን ሐኪም ቤት አድርሶ፣ ትራፊክ ፖሊስ ፕላኑን ካነሣ በኋላ ደወለልኝ። እኔም ከሰው የሰማሁትን ይዤ፣ ነገሩ በሽምግልና ካለቀ የመድን ታሪካችን አይበላሽም ብዬ ትንሽ እንዲቆይ ነገርኩት። ሽማግሌ ተላከ፣ ቤተሰብ ተጠየቀ፣ ስድስት ቀን አለፈ። በሰባተኛው ቀን የጥገናው ግምት ሲመጣ ደነገጥንና ወደ መድን ድርጅቱ ሮጥን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አጥፍቻለሁ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራበታል፤ መድን ገቢው አደጋ መድረሱን ባወቀ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ የየድርጅቱ ውል ደግሞ ከዚህ ያጠረ ጊዜ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው፣ መድን ሰጪው ሳይፈቅድ ጥፋትን ማመን ወይም ለተጎጂ ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ መስማማት በአብዛኞቹ ውሎች የተከለከለ ነው። ሽምግልናን የሚያህል መልካም ነገር የለንም፤ ነገር ግን መድን ባለበት ጉዳይ ሽማግሌ የሚላከው ማስታወቂያው ከገባ በኋላና መድን ሰጪው እያወቀው መሆን አለበት። ስለዚህ መኪናችሁን ለሚነዳው ሰው ከአደጋ በኋላ ለማን በቅድሚያ እንደሚደውል ዛሬውኑ ንገሩት፤ ያ ሰው እናንተ መሆን የለባችሁም።

ለተጎዳው እግረኛ የሦስተኛ ወገን መድኑ በሕጉ ልክ ከፈለ። መጠኑን ስሰማ ግን ገረመኝ፤ በጊዜው በሚሠራበት አዋጅ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር ነበር የሚሸፈነው። የተሰበረ እግር በብረት ሲታሰርና ሰው ለወራት ከሥራ ውጭ ሲውል ወጪው የት እንደሚደርስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጣሪያው በላይ ያለው ሁሉ የመኪናው ባለቤት ዕዳ ነው። የመኪናዋን ጥገና በተመለከተ ከሦስት ሳምንት በኋላ በደብዳቤ የደረሰን መልስ አጭር ነበር፤ ማስታወቂያው ዘግይቷል፤ በተጨማሪም መድን ገቢው የመኪናው ባለቤት አይደለም፣ በመኪናው ላይ የመድን ጥቅም እንዳለውም፣ ማለትም መኪናው ሲጎዳ የሚከስረው እርሱ መሆኑን፣ አላረጋገጠም። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አረቦን የተቀበሉት ከማን ነው ብዬም ተከራከርኩ። ነገር ግን ራሴን በእነርሱ ቦታ ሳስቀምጠው፣ ገንዘቡን ያወጣው ጀርመን ያለ ሰው፣ ውሉን የፈረመው ወኪል፣ ሊብሬው ላይ ያለው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ከሆነ ካሳው የማን እንደሆነ እኔም በወረቀት ማስረዳት አልቻልኩም።

ያኔ ነው ሻጩን መፈለግ የጀመርነው። በስልክ ቁጥሩ ላይ ያነሣችው ባለቤቱ ነበረች፤ ሰውየው በነሐሴ 2013፣ ማለትም ከአደጋው ሁለት ወር በፊት አርፏል። የአጎቴ ልጅ ሳያውቀው በሞተ ውክልና ሲነዳ፣ መስከረም ላይም ቦሎ ሲያሳድስ ከርሟል ማለት ነው። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ሞቱ እስካልተመዘገበ ድረስ ማንም ስለማያውቅ በዚያው ውክልና ፈጥነን ስም እንድናዛውር መከረን። አልዋሽም፣ ለአንድ ሌሊት ያህል አስቤበታለሁ። ያዳነኝ የሕግ ዕውቀት ሳይሆን የሚፈርመው እኔ አለመሆኔ ነው፤ ወካዩ መሞቱን እያወቀ በውክልና የሚፈርም ሰው በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል፣ እስር ቤት የሚገባውም የአጎቴ ልጅ ነው። ይህን ምክር የሚሰጣችሁ ሰው ካገኛችሁ በሩን አሳዩት።

ለለቅሶ ያልደረስኩበትን ቤት በስልክ ማንኳኳት ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ እናቴ ሄዳ አጽናናች፤ ከዚያ እኔ ደወልኩ። ሴትየዋ በእርጋታ ካዳመጡኝ በኋላ ያላሰብኩትን ነገሩኝ፤ «ልጄ፣ እኔም እኮ በሟች ስም የፍርድ ቤት መጥሪያ መጥቶብኝ ማንን እንደምጠይቅ ቸግሮኝ ነው የከረምኩት» አሉ። የተጎዳው እግረኛ ቤተሰቦች ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ይዘው ክስ መሥርተው ነበር። በእኔ ቁጠባ ምክንያት፣ ባሏን የቀበረች ሴት በማታውቀው አደጋ ተከሳ ተገኘች። ቀጥለውም፣ ያለ ወቀሳ፣ መኪናዋ ስትሸጥ እርሳቸው እንዳልተጠየቁና እንዳልፈረሙ አነሡልኝ። ልክ ነበሩ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረት የሆነ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። መደበኛ የሽያጭ ውል ተፈራርመን ቢሆን ኖሮ ውልና ማስረጃው ራሱ የጋብቻ ማስረጃና የሚስት ፊርማ ይጠይቀን ነበር፤ ውክልናው ግን ይህን ሁሉ አስዘለለን።

እትዬ ቢፈልጉ ኖሮ መኪናዋን ለማስመለስ መከራከር ይችሉ እንደነበር ጠበቃችን በኋላ ነግሮኛል። እርሳቸው ግን ባለቤታቸው ገንዘቡን የተቀበለበትን የባንክ ወረቀት ከሰነዶቹ መካከል ፈልገው አወጡና «እሱ የሸጠውን እኔ አላስቀርም» አሉ። ስለዚህ ክፍያን በባንክ መፈጸምን እንደ ቀላል ነገር አትዩት፤ በእኛ ጉዳይ ሽያጭ መኖሩን ያሳየው ብቸኛ ሰነድ እርሱ ነበር። ለእግረኛው ከመድኑ በላይ ያለውን ካሳ እኔ ከፍዬ እርቁ በፍርድ ቤት ጸደቀ፤ የሟች ስም ከመዝገቡ ወጣ። ከዚያ በኋላ የወራሽነት ማረጋገጫ በፍርድ ቤት ማውጣት፣ ሚስትና ሦስት ልጆች በሙሉ በሽያጩ ላይ እንዲፈርሙ ማድረግ ቀረ። ከልጆቹ አንዷ የምትሠራው ዱባይ ነው፤ እርሷም እንደ እኔ ከቆንስላ ውክልና መላክ ነበረባት። በሁለት አገር ያለን ሁለት ሰዎች አንዲት ቪትዝ ለማዘዋወር በስልክ ስንመካከር የከረምንበትን ጊዜ ሳስታውስ አሁንም ፈገግ እላለሁ።

አሁን ወደ እኔ ውክልና ልምጣ፤ ከውጭ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ዋናው መሣሪያ እርሱ ነውና ዘርዘር ላድርገው። ወኪሌ እንድትሆን እኅቴን መረጥሁና ፍራንክፈርት ባለው ቆንስላ ቀርቤ ከዘመድ የተገኘ የውክልና ናሙና ፈርሜ ላክሁ። ጽሑፉ «ማናቸውንም ጉዳዬን እንድታስፈጽም» የሚል ነበር። ሰነዱ አዲስ አበባ ደርሶ ሲታይ ለዚህ ሥራ አይበቃም ተባለ፤ በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና በሕጋችን ከአስተዳደር ሥራ ያለፈ ሥልጣን አይሰጥም። ጥፋቱ ናሙናውን ሳላጣራ የፈረምኩት የእኔ ነው። ሁለተኛውን ውክልና በጠበቃ አጻፍኩት፤ መኪና መግዛትና የሽያጭ ውል መፈረም፣ ስም ማዛወር፣ ሊብሬና ሰሌዳ መረከብ፣ ዓመታዊ ምርመራ ማስደረግ፣ የመድን ውል መዋዋል፣ ማደስና ማሻሻል፣ ካሳ መጠየቅና ገንዘቡን መቀበል፣ ጠበቃ መወከል የሚሉት እያንዳንዳቸው በስማቸው ተጠቀሱ። ካሳ መቀበል የሚለው ሐረግ በተለይ እንዳይረሳችሁ፤ የመድን ውል ለመፈረም የሚያስችል ውክልና ቼክ ለመውሰድ ያስችላል ማለት አይደለም። በአንጻሩ መሸጥ የሚለውን ሆን ብዬ አስወጣሁ፤ እኅቴን ስለማላምን ሳይሆን የማያስፈልግ ሥልጣን ወረቀት ላይ መዋል ስለሌለበት ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ስሜ አሰናከለኝ። በጀርመን ወረቀቶቼ ላይ የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲመዘገብ የአያቴ ስም ጠፍቷል፤ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬ ላይ ግን ሦስቱም አሉ። በዚያ ላይ በስሜ ውስጥ ያለው ፊደል በአንዱ ሰነድ በ«ጸ» በሌላው በ«ፀ» ተጽፏል። ለእኛ አንድ የሆነው ድምፅ መዝገብ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ነው። ሦስተኛው እንቅፋት የሚያስቅ ነበር፤ ሰነዱ ላይ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር 2022 ተብሎ፣ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገለጽ ተጽፏል። አዲስ አበባ ያለው ሰው ሲያነበው ውክልናው ገና ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር። ስለዚህ ስማችሁን እስከ አያት፣ በመታወቂያችሁ ላይ ባለው ፊደል አጻፉ፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ፤ የወኪላችሁንም ስም ከእርሱ መታወቂያ ላይ በፎቶ አስልካችሁ ቅዱ፤ ከቃል አትጻፉ።

በቆንስላ የተፈረመ ውክልና አገር ቤት ሲደርስ ወዲያው አይሠራም። ዋናው ቅጂ፣ ማለትም ማኅተሙ ያረፈበት ወረቀት ራሱ፣ በመጀመሪያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይመዘገባል። በስልክ የተላከ ምስል ለየትኛውም ደረጃ አይበቃም። ስለዚህ በፖስታ ወይም በሚታመን መንገደኛ መላክ አለበት፤ እኔ በዚህ ብቻ ሁለት ጊዜ ወር ያህል አጥቻለሁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ተጠይቄአለሁ፤ ያኔ አሻራ የሚሰጥበት ስለነበር ለዕረፍት በሄድኩበት ሳምንት አወጣሁት። አገር ቤት ለአጭር ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ፣ መኪና ባትገዙም እንኳን ይህን ቁጥር አውጥታችሁ ተመለሱ።

የስም ዝውውሩ ራሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ሽያጩ በውልና ማስረጃ ተፈረመ፤ መኪናዋ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኗ ተጣራ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯ ከሊብሬው ጋር ተመሳከረ፤ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ተከፈለ፤ የቴምብር ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ ተከፈለ። ክፍያው የተሰላው መኪናዋ በ2011 በተገዛችበት ዋጋ አልነበረም፤ በጊዜው ግምት ነው። አራት ዓመት በማዘግየቴ ያተረፍኩት ገንዘብ የለም፤ እንዲያውም ጨመረብኝ። ጥር 2015 ላይ ኮድ 2 (የግል መኪና) የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያላት ቪትዝ በስሜ ተመዘገበች።

መድኑን እንደገና ስንገባ ጠረጴዛው ላይ የቀረበውን ቅጽ መስመር በመስመር በስልክ እያነበበችልኝ ነው እኅቴ የሞላችው። መድን ገቢው እኔ፣ ፈራሚዋ በውክልና እርሷ፣ አዘውታሪ ነጂው የአጎቴ ልጅ ተብሎ ተጻፈ። የመንጃ ፈቃዱ ደረጃና የሚያበቃበት ቀን ተያያዘ። የአገልግሎቱ ዓይነት የግል ተብሎ ሲሞላ ልጁ አንድ ጊዜ በትርፍ ሰዓቱ በክፍያ ሰው ቢያመላልስባት ምን ይለዋል ብሎ እንደጠየቀኝ ትዝ አለኝ፤ ኮድ 2 መኪና በክፍያ ሰው ስትጭን አደጋ ቢደርስባት መድን ሰጪው ላለመክፈል በቂ ምክንያት ያገኛል። ለሦስተኛ ወገን ከሕጉ ጣሪያ በላይ የሆነ ተጨማሪ ሽፋን ገዛሁ፤ በእግረኛው ጉዳይ ከኪሴ ካወጣሁት ጋር ሳነጻጽረው ጭማሪው ትንሽ ነበር። የፖለቲካ ነውጥና የሽብር ጉዳት በመደበኛው ሙሉ መድን ውስጥ እንደማይካተት፣ ለብቻው እንደሚገዛ የሰማሁትም ያን ቀን ነው። የስፖኪዮና የፍሬቻ ስርቆት ይሸፈን እንደሆነ፣ ከሆነም በዓመት ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚያቆም ሰው ይህ ለምን እንደሚጠየቅ አይጠፋውም። ለእኔ ለራሴ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ለዕረፍት ስሄድ የጀርመን መንጃ ፈቃዴን ወደ ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ሳላስቀይር ብነዳና አደጋ ቢደርስ ካሳ የለም። እስካሁንም አልቀየርኩም፤ ስሄድ ከጎን ነው የምቀመጠው።

ይህን ሁሉ አሟልቼ እንኳን አንድ ጉድጓድ ቀረኝ። ለመኪናዋ መድን የገባሁት በ900,000 ብር ግምት ነበር፤ በሚያዝያ 2016 ሲታደስም ያንኑ ቁጥር ደገምን። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋም ተከትሎት ወጣ። በታኅሣሥ 2017 ከኋላ ተገጨንና ገጪው ሲያመልጥ የጥገናው ግምት 240,000 ብር መጣ። የመድን ድርጅቱ ገማች የመኪናዋ የገበያ ዋጋ 1,800,000 ብር ነው አለ። እኔ መድን የገባሁት የዋጋዋን ግማሽ ብቻ ስለሆነ የሚከፈለኝም የጉዳቱ ግማሽ ነው፤ 120,000 ብር፣ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው የራሴ ድርሻ ይቀነሳል። በዚህ ጊዜ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም፤ ሕጉም ውሉም እንዲሁ ይላል። ብዙ ሰው ዝቅተኛ ግምት የሚጽፈው አረቦን ለመቀነስ ነው፣ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ካልሆነ በቀር አይነካኝም ብሎም ያስባል፤ ነገር ግን ቅነሳው ለተሰበረ መብራትም ይሠራል። የዕድሳት ቀን እስኪደርስ መጠበቅም አያስፈልግም፤ በውሉ ዘመን መካከል የአረቦኑን ልዩነት ከፍሎ ግምቱን ማሳደግ ይቻላል። እኔ አሁን በየስድስት ወሩ የተመሳሳይ መኪና ዋጋ አስጠይቃለሁ።

ስልኬ ላይ የቦሎው፣ የሙሉ መድኑና የአጎቴ ልጅ መንጃ ፈቃድ የሚያበቁባቸው ቀኖች አንድ ወር ቀድመው ያስታውሱኛል። የሊብሬው፣ የውክልናው፣ የመድን ውሉና የየክፍያው ደረሰኝ ቅጂ እኔም፣ እኅቴም ጋር አለ፤ ዋናዎቹ እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። መኪናዋ ውስጥ ደግሞ የመድን ድርጅቱ የአደጋ ማስታወቂያ ስልክ በትልልቅ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ተለጥፏል። ባለፈው ሰኔ ሌሊት ሁለቱም ስፖኪዮዎች ተነቅለው ተወሰዱ። የአጎቴ ልጅ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማስረጃ አወጣ፣ ከሰዓት በፊት መድን ድርጅቱ ጋር ደረሰ፣ እኅቴ ፈርማ ማመልከቻው ገባ። እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እናቴ ስለ ሌላ ጉዳይ ደውላ በመካከል «ለካ አልነገሩህም» አለችኝ።